ቤት ተዘግቼ ራሴን ስመረምር ጸጸቱ በዛብኝ፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (በ2012 ዓ.ም. የተላከ)፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ሮም ነው ያለሁት። አንዲት አሮጊት እየተንከባከብኩ እዚያው ቤታቸው እኖራለሁ። ከመጋቢት 1 ቀን 2012 ጀምሮ መላው ጣልያን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ስለተዘጋ የምወጣው አስቤዛ ልገዛ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን መሄድም ቀረ። መጀመሪያ «እንደ ሱባኤ እቆጥረዋለሁ፣ ራሴን እመረምርበታለሁ» ብዬ ነበር። አሁን ግን ዝም ብዬ ስቀመጥ የድሮ ጥፋቴ ሁሉ እየመጣ እንቅልፍ ይነሳኛል። እሱን ለመርሳት ስልኬን እይዛለሁ፣ ሳላውቀው ይነጋል። ከእህቴ ጋርም እንደተኳረፍን ነው። ቤት ሆኜ ጸሎቴ ይሰማል? ጊዜውንስ እንዴት ልጠቀምበት?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ጸሎትሽ ይሰማል። ጌታ ራሱ «ወደ እልፍኝህ ግባ፣ መዝጊያህንም ዘግተህ ጸልይ» ብሎናል። ዳንኤልም በባቢሎን ምርኮኛ ሆኖ፣ ቤተ መቅደሱ በሌለበት አገር፣ በቀን ሦስት ጊዜ በሰገነቱ ይንበረከክ ነበር። ይህን ስል ቤተ ክርስቲያን መቅረቱ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ቅዳሴውንና ቁርባኑን መናፈቅሽ ጤነኛ ነፍስ እንዳለሽ ያሳያል።

ሱባኤ ያልሽውን ግን ላስተካክልልሽ። ሱባኤ የሚገባ ሰው ንስሐ አባቱን አማክሮ፣ ቀኑን ወስኖ፣ ከሥራ ተለይቶ ነው። አንቺ ግን ሳትመርጪ ነው የተዘጋብሽ፣ በዚያ ላይ ሌሊት የሚጠሩሽ አሮጊት አሉ። የዋልድባ ገዳም መነኩሴ በሚጾምበትና በሚሰግድበት መጠን ራስሽን ለክተሽ «አልቻልኩም» ብለሽ አትዘኚ። ለእኚያ እናት ሾርባ ማብላትሽ፣ ልብሳቸውን መቀየርሽ፣ ሲነጫነጩ መታገሥሽ ከጸሎትሽ ጋር አብሮ የሚቆጠር ነው። «ታምሜ ጠየቃችሁኝ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ወደ ጸጸቱ። ይሁዳም ጴጥሮስም በአንድ ሌሊት ነው የበደሉት፣ አንዱ ጌታን አሳልፎ ሰጠው፣ አንዱ ሦስት ጊዜ ካደው። ሁለቱም ተጸጽተዋል። ይሁዳ እንዲያውም ሠላሳውን ብር መልሷል፣ «በደልሁ» ብሎም ተናግሯል። ግን የነገራቸው ሰዎች «እኛ ምን አገባን» አሉት፣ ከዚያ ብቻውን ሄደና ጠፋ። ጴጥሮስ መራራ ልቅሶ አለቀሰና ከወንድሞቹ ጋር ቆየ። ጌታም በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ብሎ ጠየቀው፣ በጎቹንም አደራ ሰጠው። አየሽ፣ ጸጸት ብቻውን አያድንም። ወደ እግዚአብሔርና ወደ ሰው ካልመለሰሽ ይጎዳሻል። ሌሊቱን ሙሉ የሚያስጨንቅሽና ጠዋት ምንም የማያሠራሽ ጸጸት የንስሐ መንፈስ አይደለም፣ አትስሚው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። የድሮውን ጥፋት በወረቀት ጻፊውና አጥፈሽ አስቀምጪው፣ ለንስሐ አባትሽ ነው። ስልክ ደውለሽም አማክሪያቸው፣ ኑዛዜውን መቼና እንዴት እንደምትፈጽሚ እሳቸው ይነግሩሻል። ንስሐ አባት ከሌለሽ ከምትሄጂበት ደብር ካህናት አንዱን ጠይቂ። ከዚህ በኋላ ማታ ማታ የምትመረምሪው የዛሬን ቀን ብቻ ይሁን። ዛሬ ማንን አስከፋሁ? ማድረግ እየቻልኩ ምን ተውኩ? ምንስ ተደረገልኝ? አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ መዝሙር 50ን፣ «አቤቱ፣ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» የሚለውን ደግመሽ ተኚ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር። የወረርሽኙን ዜና በቀን አንዴ ብታዪው አይቀርብሽም።

ጠዋት የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ድገሚ። ካልረፈደብሽ የዳዊት መዝሙር ጨምሪበት። ብዙ ጀምሮ በሳምንቱ ከማቆም ትንሽ ይዞ መቀጠል ይሻላል።

የእህትሽ ነገር ግን አይደር። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሄደህ ታረቅ የተባለው እኮ መባ ለማቅረብ ለመጣ ሰው ነው። በገብር ኄር እሑድ፣ በዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ፣ የሚነበበውን ታውቂዋለሽ፣ እንዲነግድበት አንድ መክሊት ገንዘብ ከጌታው የተቀበለው አገልጋይ «ፈራሁ» ብሎ ነው የቀበረው። አልሰረቀም፣ አላባከነም፣ ፈራ። አንቺም «ስልኩን ብትዘጋብኝስ?» ብለሽ ፈርተሽ ይሆናል። ደውዪ። ማን ጥፋተኛ ነው የሚለውን አታንሺ፣ በዚህ ክፉ ቀን እንዴት እንደሆነች ጠይቂያት። ባታነሳ የድምፅ መልእክት ተዪላት።

ሰሙነ ሕማማትም እየመጣ ነው፣ በዚህ በ2012 ዓ.ም. ስቅለት ሚያዝያ 9፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 11 ነው። ዘንድሮ ካህኑ በስቅለት ምእመኑን በወይራ ቅጠል የሚጠበጥበውን ጥብጣብ ላታገኚ ትችያለሽ፣ ስግደቱን ግን የሚከለክልሽ የለም። አሮጊቷ ሲያርፉ ጀምሪ፣ ከጠሩሽ አቋርጠሽ ሂጂ፣ ስትመለሺ ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ።