ራሱ የተበላ የተርቦ ብሎን፦ የብሎኑን ራስ ሠውተው ካርትሪጁን ያድኑ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ አንባቢ ከሶማሌ ተራ ለናፍጣ ፒካፕ የሚሆን ያገለገለ ተርቦ (በጭስ ግፊት እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ገዙ። የዘይት መመለሻው አቅጣጫ ከሞተራቸው ጋር ስላልገጠመ የጭስ ቤቱን፣ ማለትም የሞተሩ ጭስ የሚያልፍበትን የተርቦውን የብረት ቤት፣ ፈትተው ማዞር አስፈለጋቸው። ቤቱን ከካርትሪጁ (ዘንጉና ቡሽኖቹ ካሉበት የተርቦው መሐል ክፍል) ጋር ከሚያስሩት ስድስት ኤም8 (8 ሚሊ ሜትር) ብሎኖች ሦስቱ ወጡ፤ የሁለቱ ራስ ተበልቶ 12 ቁልፍ መያዝ አቆመ፤ አንዱ ከአንገቱ ተቆረጠ። አሁን ኢዚ አውት (በተበሳ ብሎን ውስጥ ገብቶ የሚያወጣ እሾህ መሰል መሣሪያ) ገዝተው የተቆረጠውን ሊሞክሩት አስበዋል። አንድ ጋራዥ ደግሞ «ተርቦውን እንዳለ በእሳት እናግለው፣ ይለቃል» ብሏቸዋል። የቱ ይሻላል?

ሁለቱንም ይተዉ። ከምንም በፊት ግን ተርቦው ይህን ሁሉ ድካም የሚያወጣ መሆኑን ያረጋግጡ። ዘንጉን በጣት ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉት፤ በዚህ አቅጣጫ በእጅ የሚታወቅ ጨዋታ ሊኖረው አይገባም። ወደ ጎን ትንሽ መንቀሳቀሱ ጤናማ ነው፣ ዘይት የሚሞላው ክፍተት ስለሆነ። ነገር ግን ወደ ጎን ተጭነው ሲያዞሩት ክንፎቹ ቤቱን ከነኩ፣ ወይም የክንፎቹ ጫፍ ተበልቶ ወይም ታጥፎ ካዩ፣ ካርትሪጁ አልቋል፤ ብሎን ለማስወጣት ቀን አያባክኑ። ደህና ከሆነ ቤቱና ካርትሪጁ የተገጣጠሙበትን ቦታ በሹል ብረት ጭረው ምልክት ያድርጉ። ምን ያህል እንዳዞሩት የሚያውቁት በዚያ ምልክት ነው።

ብሎኑ ለምን እንደተያዘ መረዳት ግማሹ ሥራ ነው። የናፍጣ ሞተር ሸክም ይዞ ዳገት ሲወጣ ወደ ተርቦ የሚገባው ጭስ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል። በዚያ ሙቀት የብሎኑም የቤቱም ብረት ይዝጋል፤ ዝገት ደግሞ ከወጣበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በጥርሶቹ መካከል የነበረችውን ክፍተት ሞልቶ ያጠብቃታል። ጉልበት የማይሠራውም ለዚህ ነው። ኤም8 ብሎን አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰረው ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ነው። በቁልፉ ላይ የግማሽ ሜትር ቱቦ ሰክተው ጫፉን በ10 ኪሎ ክብደት ብቻ ቢጫኑት 50 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። የአንዱ ብሎን አንገት የተቆረጠው በዚሁ ሒሳብ ነው።

ጋራዡ ያቀረበው ሐሳብ ሁለት ችግር አለበት። ሁሉም እኩል ከጋለ ብሎኑም ቀዳዳውም እኩል ይሰፋሉ፤ የሚፈለገው ግን የሁለቱ መለያየት ነው። ሁለተኛው ይብሳል፦ ካርትሪጁ ውስጥ ማኅተሞች (ዘይት እንዳያልፍ የሚከለክሉ ቀለበቶች)፣ ቡሽኖች (ዘንጉ የሚዞርባቸው) እና የቀረ ዘይት አለ። ዘይቱ ከሰል ሆኖ መተላለፊያውን ይዘጋል። በአየር በኩል ያለው ቤት ደግሞ አሉሚኒየም ነው፤ ብረት ቀይ ከመምሰሉ በፊት እሱ ይበላሻል።

ኢዚ አውትን በተመለከተ አቋሜ ጠንካራ ነው። እሾሁ ወደ ተበሳው ብሎን በገባ ቁጥር ብሎኑን ወደ ጎን ያሳብጠዋል፣ በቀዳዳው ውስጥ የበለጠ ያጣብቀዋል። እሾሁ ሲሰበር ደግሞ ተራ ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) የማይበሳው ጠንካራ ብረት ሆኖ ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል። ያኔ ቀላሉ ችግር ውድ ይሆናል።

አሁን ወደ ሥራው። የተቆረጠውን ለጊዜው ይርሱት፤ ከሦስቱ ቀላሉ እሱ ነው። የብሎኑ ራስ ስለሌለ ካርትሪጁን የሚይዝበት ነገር የለም፣ ሌሎቹ ከወጡ ጉቶው ይጋለጣል። ሥራው ያለው በሁለቱ በተበሉት ላይ ነው።

ራሳቸውን በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ይፈግፍጉ። የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ለእኩል ቀላቅለው (በጠባብ ጠርሙስ 50 ሚሊ ሊትር ከ50 ይበቃል) በብሎኑ ሥርና ጫፉ በሌላው ወገን የሚታይ ከሆነም በዚያ በኩል በጠብታ ያርከፍክፉ። ለአንድ ቀን አራት አምስት ጊዜ ይደጋግሙት። አሴቶን በቀላሉ ይያያዛል፤ ሳይደርቅ እሳት አያቅርቡ። የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ የሚጠቀሙ ከሆነም ክሎሪን ያለበትን ከእሳትና ከብየዳ ያርቁ፤ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ሳንባን የሚገድል ነው።

ከዚያ 12 ጠርዝ ያለውን ቡሶላ (ሶኬት ቁልፍ) ይጣሉትና ባለ 6 ጠርዝ ይያዙ። የተበላው ራስ ላይ በሞረድ ሁለት ትይዩ ጎን ይሥሩና ባለ 6 ጠርዝ 11 ቡሶላ በመዶሻ እየመቱ ያስገቡበት። የአውሮፓ ተርቦ ከሆነና ብሎኑ 13 ከነበረ ግማሽ ኢንች ቡሶላ፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር፣ በመዶሻ ተገድዶ ይገባል። ሲመቱ የጭስ ቤቱ በወፍራም ብረት ላይ ይቀመጥ፤ ምቱ በካርትሪጁ ወይም በአሉሚኒየሙ በኩል ማለፍ የለበትም። ምቱ ራሱ ዝገቱን ስለሚሰነጥቅ ጥቅም አለው።

መጀመሪያ ለማላላት አይሞክሩ፣ በጣም በትንሹ ለማጥበቅ ይሞክሩ። ቅንጣት ታህል ከተነቃነቀ ሩብ ዙር ወደ ማላላት፣ የዙር አንድ ስምንተኛ መልሶ ወደ ማጥበቅ፣ እንደገና ዘይት። ጆሮዎን ይስጡት። ደረቅ ሲጥታ ከሰሙ ጥርሱ ጥርስን እየበላ ነው፤ ያቁሙ፣ መልሰው ያጥብቁ፣ ያርሱት። ሳይነቃነቅ የላስቲክ ያህል ከተጠማዘዘ ደግሞ ሊቆረጥ ነው።

ቡሶላው ከዞረ ወይም ብሎኑ መጠማዘዝ ከጀመረ ተጨማሪ ትግል አያስፈልግም። ራሱን ቆርጠው ይጣሉት። ብዙ ሰው ይህን እንደ ሽንፈት ያየዋል፤ እኔ ግን ቶሎ የምመክረው እርምጃ ነው። የራሱን መሐል በሴንተር ፓንች ይምቱ፣ በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይብሱ፣ በ5 ያስፉ፣ ከዚያ በ8.5 ይከተሉ። ፑንታው የራሱን ውፍረት እንደጨረሰ ራሱ እንደ ቀለበት ይወልቃል። ከመብሳትዎ በፊት የዘይት መግቢያና መውጫውን በንጹሕ ጨርቅ ይወትፉ፣ ጨርቁ ላይም ፕላስተር ይለጥፉ። ፑንታውን ግሪስ ይቀቡት፣ ፍቅፋቂውን ይይዝልዎታል።

ቀጥሎ ካርትሪጁን ከቤቱ ማላቀቅ ነው፤ ብዙ ተርቦ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። በካቻቢቴ አይፈልቅቁት፣ ዘንጉንም አይምቱት። ቤቱን በእንጨት ወይም በመዳብ መዶሻ ዙሪያውን እኩል ይምቱ፤ ካርትሪጁን ቀጥ አድርገው ይሳቡ። ጋደል ካለ የተርባይኑ ክንፍ ጫፍ ከቤቱ ጋር ይጋጫል፤ አንድ ክንፍ እንኳ ቢታጠፍ ሚዛኑ ይበላሻል።

ካርትሪጁን በንጹሕ ፕላስቲክ ጠቅልለው ያስቀምጡ። አሁን በእጅዎ የቀረው ባዶ የብረት ቤትና ሦስት የብሎን ጉቶ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ እሳት ቢያነዱበት፣ ቢበይዱበት፣ የሚጎዳ ማኅተም የለም። ራሱን የቆረጥነው ለዚህ ነው።

ጉቶው ከአምስት ሚሊ ሜትር በላይ ከወጣ በጋዝ እሳት ዙሪያውን ያለውን የቤት ብረት (ብሎኑን ሳይሆን) ያግሉ፤ ጥላ ውስጥ ሲታይ የበሰለ የቡና ፍሬ የመሰለ ጠቆር ያለ ቀይ እስኪሆን። ከዚያ ቀለሙ ጠፍቶ ጥቂት ይብረድና ሻማ ሥሩ ላይ ያስነኩት። ሰሙ ቀልጦ ወደ ጥርሱ ሲሰርግ፣ ቀጭን ነጭ ጭስም ሲወጣ ያያሉ። ሰሙ ከተቀጣጠለ ገና ትኩስ ነው። በቆላፊ ፒንሳ ይዘው ወዲያና ወዲህ ያወዛውዙት። ቀይ በሆነ ቤት ላይ ውኃ ማፍሰስ ግን ፈጽሞ አይገባም፣ ይሰነጠቃል።

አጭር ከሆነ ወይም ፒንሳው ከተንሸራተተ ዳዶ ይበየድበት። ለኤም8 ጉቶ የኤም10 ዳዶ ይውሰዱ፣ በያጁ በቀዳዳው ውስጥ ቦታ ያገኛል። ዚንክ የተለበጠ ዳዶ ጭሱ መርዛማ ስለሆነ ጥቁሩን ይምረጡ። 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ፣ ከ70 እስከ 90 አምፔር፤ ብየዳው ከጉቶው መሐል ተነሥቶ ዳዶውን እየሞላ ይውጣ። የማሳው ገመድ (የብየዳ ማሽኑ መመለሻ ገመድ) እዚያው ቤቱ ላይ ይታሰር። (ካርትሪጁ ሳይወጣ የሚበይድ ሰው ካጋጠመዎ ያስቁሙት፤ ኤሌክትሪኩ በቡሽኑ ካለፈ ዘንጉን ይበሳሳዋል።) የ8 ሚሊ ሜትር ብሎን በ500 ዲግሪ ሲግል ወደ 0.05 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ዝገቱን ይጨፈልቀዋል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይሸሸዋል። ስለዚህ ቀይነቱ እንደጠፋ አይቸኩሉ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይታገሡና ገና ሞቅ እንዳለ ያወዛውዙት። ዳዶው ከተነቀለ ሌላ ይበየድ፤ አራት አምስት ጊዜ መድገም የተለመደ ነው፣ እያንዳንዱ ግለት ይጠቅማል።

ይህም እምቢ ካለ ብቻ ይበሳል። ጉቶውን በግራይንደር ደልድለው መሐሉን ምልክት ያድርጉ፣ ኮባልት ፑንታ ይጠቀሙ፤ 3፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ 6.5። ዝግ ያለ ፍጥነት፣ ጠንካራ ግፊት፣ የመቁረጫ ዘይት። ፑንታው ሳይቆርጥ እየፋቀ ከዞረ ሙቀት ተከላካዩ ብረት ይጠነክርና ከዚያ በኋላ አይበሳም። ከ6.8 አይለፉ፣ የቤቱን ጥርስ ይነካል። የቀረውን ቀጭን ቅርፊት በኤም8 በ1.25 ታፕ (ጥርስ ማውጫ) ያውጡት።

ሲገጥሙ ጥርሶቹን ሁሉ በታፕ ያጽዱ። ከብረታ ብረት ሱቅ የተገዛ ጥቁር 8.8 ብሎን አያስገቡ፤ በዚያ ሙቀት ጥብቀቱን ያጣል። ለተርቦ የተሠራ ሙቀት ተከላካይ ብሎን ይፈልጉ፣ ጥርሱን ኒኬል ባለበት የፀረ መጣበቅ ቅባት በስሱ ይቀቡ፣ ቅባት ስላለውም ከመመሪያው ጥብቀት 20 በመቶ ያህል ይቀንሱ። የዘይት መመለሻው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይመልከት፤ ከ35 ዲግሪ በላይ ካጋደለ ዘይቱ ይጠራቀምና በማኅተሙ በኩል ይተፋል። በዘይት ፍላንጆቹ (የዘይት ቱቦዎቹ መገጣጠሚያዎች) ላይ ሲሊኮን አይቀቡ፣ ጋስኬት ብቻ። ከመገጣጠሚያው ወደ ውስጥ የወጣች አንዲት የሲሊኮን ቁራጭ የዘይቱን መንገድ ትዘጋለች፤ ሞተሩን ከማስነሣትዎ በፊትም በመግቢያው ንጹሕ የሞተር ዘይት ሞልተው ዘንጉን በእጅ ጥቂት ያዙሩ።