ልጄን መብራት ሥር አስተኙት፤ ፀሐይ አይበቃውም ነበር?

ጥያቄ፦ ልጄ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ዓይኑም ፊቱም ቢጫ ሆነና ሰማያዊ መብራት ሥር አስተኙት። እናቴ ግን «የጠዋት ፀሐይ ይበቃው ነበር» ትላለች። መብራቱስ ዓይኑን አይጎዳውም?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን ነው። ቀይ የደም ሴሎች ሲፈርሱ ይፈጠራል፣ የአራስ ልጅ ጉበት ደግሞ ገና ስላልጠነከረ ቶሎ አያስወግደውም። ሰማያዊው ብርሃን በቆዳው ገብቶ ቢሊሩቢኑን በሐሞትና በሽንት በቀላሉ ወደሚወጣ ዓይነት ይቀይረዋል።

እናትሽ ያሉት ከመሬት ተነስተው አይደለም። ሕክምናው ራሱ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1950ዎቹ እንግሊዝ አገር፣ ሮችፎርድ ሆስፒታል ያለች ነርስ ሕፃናቱን ፀሐይ ላይ ስታወጣ ቢጫው እንደሚለቅ አይታ ነው። ግን የፀሐይን መጠን ማን ይለካዋል? ልጁ ሊበርደው ወይም ሊቃጠል ይችላል፣ ቢሊሩቢኑ በጣም ከጨመረ ደግሞ አእምሮውን ይጎዳል፤ ስለዚህ መብራቱ ሥር መተኛቱ ትክክል ነው።

ዓይኑ ስለሚሸፈን አትስጊ፣ መሸፈኛው እንዳይንሸራተት ብቻ እያየሽ። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ አጥቢው፤ ሰገራው ቢላላ አትደንግጪ። ቤት ከገባችሁ በኋላ ቢጫው ወደ እግሩ ከወረደ፣ ጡት እምቢ ካለ ወይም አልነቃ ካለ ግን እዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ይዘሽው ሂጂ።