ጥያቄ አለን፦ መታወቂያና ብሎክቼይን

ጥያቄ፦ የአባላት መዝገብ እየሠራን ነው። ስምም ሆነ የመታወቂያ ቁጥር ብሎክቼይን (ቅጂው በብዙ ኮምፒውተሮች የሚያዝ፣ የተጻፈበት የማይጠፋ የመዝገብ ሰንሰለት) ላይ አናስገባም፤ የምናስገባው የቁጥሩን ሻ-256 ሃሽ (ከመረጃው በስሌት የሚወጣ፣ ርዝመቱ የማይለወጥ አሻራ) ብቻ ነው። ሃሽ ወደ ኋላ ስለማይፈታ የአባሎቻችን ምስጢር ተጠብቋል ማለት እንችላለን?

መልስ፦ አትችሉም። መዝገቡ ሥራ ሳይጀምር ይህን ክፍል እንድትሰርዙት አጥብቀን እንመክራለን።

ሃሽ ወደ ኋላ አይፈታም የሚባለው እውነት ነው። ነገር ግን ምስጢሩን የሚፈልግ ሰው መፍታት አያስፈልገውም፤ ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ አንድ በአንድ ሃሽ እያደረገ የእናንተ ላይ ካለው ጋር ማመሳከር ይበቃዋል። ሻ-256 ምንም ቢሰጡት ሁልጊዜ 256 ቢት ያወጣል፤ ሲጻፍ 64 ፊደልና አኃዝ ነው። ያ ርዝመት ብዙዎችን ያዘናጋል። ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ግን ቢበዛ አንድ ትሪሊዮን አማራጭ ነው ያለው። አንድ ጥሩ የግራፊክስ ካርድ በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ሃሽ ያሰላል፤ 10 ቢሊዮን ብንል እንኳ ሥራው በ100 ሰከንድ ያልቃል። የልደት ቀንማ ይብሳል፤ በ100 ዓመት ውስጥ ያሉት ቀናት 36,500 ገደማ ስለሆኑ ተራ ስልክም በቅጽበት ይጨርሳቸዋል።

ዳታቤዝ ቢሆን ስህተቱን ማጥፋት ይቻል ነበር። እዚህ ግን የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ ቅጂው ሰንሰለቱን በያዘው ኮምፒውተር ሁሉ አለ።

የግድ ማስገባት ካለባችሁ፣ ከሃሹ በፊት በዘፈቀደ የተፈጠረ 16 ባይት ሳልት (ሃሹን መገመት የማይቻል የሚያደርግ ተጨማሪ ቁጥር) ከመረጃው ጋር አያይዙ። ሳልቱ ለእያንዳንዱ ሰውና ለእያንዳንዱ መረጃ የተለየ መሆን አለበት። ለሁሉም አንድ ሳልት የሚጠቀሙ አሉ፤ እሱ አንዴ ካፈተለከ መዝገቡ በሙሉ ይገለጣል። ሳልቱን ከሰንሰለቱ ውጭ አስቀምጡ፤ አንድ አባል መረጃዬ ይጥፋ ሲል ዋናውን መረጃና ሳልቱን አብራችሁ ታጠፋላችሁ። ከዚያ በኋላ የቀረውን ሃሽ ገምቶ የሚደርስበት የለም። እንዲያም ሆኖ የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው መመሪያ የግል መረጃን ብሎክቼይን ላይ ከማስቀመጥ መቆጠብን ይመክራል፤ እኛም የምንለው ያንኑ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሰንሰለቱ ላይ ምን ሊቀር ነው?

መልስ፦ የማስረጃ ሰጪው ነገር እንጂ የሰውየው ነገር አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ዲግሪውን በግል ቁልፉ (ለመፈረሚያ በሚጠቀምበት ምስጢራዊ ቁጥር) ፈርሞ ለተመራቂው ስልክ ይሰጣል። ሰንሰለቱ ላይ ያለው ማንም ሰው ፊርማውን የሚያረጋግጥበት የዩኒቨርሲቲው ይፋዊ ቁልፍ ብቻ ነው። ዲግሪውን ያቀረበው ባለቤቱ ራሱ መሆኑን ለማወቅ ቀጣሪው አዲስ የዘፈቀደ ቁጥር ይልካል፤ የተመራቂው ስልክ ያንን ቁጥር ፈርሞ ከዲግሪው ጋር ይመልሳል። ቁጥሩ በየጊዜው ካልተቀየረ ትናንት የተላከውን መልስ የቀዳ ሌላ ሰው ዛሬ ደግሞ ሊያቀርበው ይችላል።

አስቸጋሪው የተሰረዘ ማስረጃ ነው። ቀጣሪው ስለ አንዱ ሰው ሰጪውን ከጠየቀ፣ ሰጪው ሰውየው የት የት ሥራ እንዳመለከተ ያውቃል። ስለዚህ የሁሉም ማስረጃ ሁኔታ በአንድ ረጅም የ0 (ያልተሰረዘ) እና የ1 (የተሰረዘ) ዝርዝር ይወጣል፤ ጠያቂው ዝርዝሩን በሙሉ አውርዶ የሚፈልገውን ቦታ ራሱ ያያል። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው የደብልዩ ስሪ ሲ መስፈርት ትንሹን መጠን 131,072 ቢት አድርጎታል፤ ይህ 16 ኪሎባይት ብቻ ነው። 50 ሰው ብቻ ያለበት ዝርዝር ቢሆን ማን እንደተጠየቀ መገመት ቀላል ነበር።

ለዚህ ሁሉ ብሎክቼይን ግዴታ አይደለም። ሰጪው አንድ ከሆነ ቁልፉን በራሱ ድረ ገጽ ላይ ማውጣት ይችላል። ብሎክቼይን የሚጠቅመው ሰጪዎቹ ብዙ ሆነው አንዱ የሌላውን መዝገብ በማያምንበት ጊዜ፣ ወይም ተቋሙ ቢዘጋ እንኳ ቁልፉ እንዳይጠፋ ሲፈለግ ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬን ብቻ ማሳየት ስፈልግ አድራሻዬም ይታያል?

መልስ፦ በአሠራሩ ይወሰናል። ደህና የተሠራ ማስረጃ እያንዳንዱን መረጃ ለየብቻ፣ በየራሱ ሳልት ሃሽ አድርጎ ስለሚፈርም «ከ18 በላይ» የሚለውን ብቻ ገልጠው ሌላውን መሸፈን ይችላሉ። ብዙዎች የማያስተውሉት ግን ፊርማው ነው። ለሁለት ድርጅቶች ያው ፊርማ ከታየ ስምዎን ባያዩም ተነጋግረው አንድ ሰው መሆንዎን ይደርሱበታል። መድኃኒቱ ወይ አንዴ ታይተው የሚጣሉ ብዙ ቅጂዎችን በአንድ ጊዜ መውሰድ፣ ወይ እንደ ቢቢኤስ ያለ በየማሳያው የተለየ ማረጋገጫ የሚያወጣ ፊርማ ነው። ዋሌትዎ (ማስረጃዎቹን የሚይዘው የስልክ መተግበሪያ) ለእያንዳንዱ ድርጅት የተለየ መለያ የሚሰጥ መሆኑንም ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ኢስቶኒያ የዜጎቿን መረጃ ብሎክቼይን ላይ አስቀምጣለች የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። መረጃው በየመሥሪያ ቤቱ ዳታቤዝ ነው ያለው፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የብሎክቼይን ሥርዓት መዝገብ በስውር ከተነካካ እንዲታወቅ ሃሾችን ብቻ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2017 በዚያ አገር ያጋጠመው ትልቅ ችግርም ከሰንሰለቱ አልመጣም፤ 750,000 የሚያህሉ መታወቂያ ካርዶች ላይ ያለው ቺፕ ቁልፍ ሲፈጥር ደካማ ያደርገው ነበር።

ጥያቄ፦ ስልኬ ቢጠፋስ?

መልስ፦ በዚያው ቀን ለማስረጃ ሰጪው ያሳውቁ፤ የቀድሞውን ሰርዞ በአዲስ ቁልፍ ይሰጥዎታል። ዋሌቱ 12 ወይም 24 የመጠባበቂያ ቃላት ከሰጠዎት በወረቀት ይጻፏቸው፤ ፎቶ አንስተው ስልክዎ ውስጥ አይተዉ። አንዳንድ ዋሌቶች ቁልፉን ስልኩ ቺፕ ውስጥ ስለሚቆልፉት ቃላቱ ቢኖሩም አይመለስም፤ ይህን ማስረጃውን ከማስገባትዎ በፊት ይጠይቁ።