ፖስታችሁ ጠፋ? አካውንታችሁ ታገደ? ኑ ጠይቁኝ

ለአንድ ትልቅ የማህበራዊ ሚዲያ ድርጅት ይዘት ገምጋሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ የፈረምኩት ወረቀት አለ። የቤቱን ገመና ሳልነካ፣ በይፋ ከሚታወቀው የቻልኩትን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፖስቴን የሚያጠፋብኝ ሰው ነው ማሽን?

ሁለቱም አሉበት። ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያይህ ማሽን ነው። ማሽኑ ደግሞ ሁለት ዓይነት ሥራ አለው። አንዱ ማመሳከር ነው። አንዴ ለተከለከለ ፎቶ ወይም ቪዲዮ አሻራ ይወሰድለታል። ሌላ ሰው ያንኑ ሊለጥፍ ሲሞክር አሻራው ይገጥምና ገና ሲጫን ይያዛል። ማይክሮሶፍት በ2009 ከዳርትማውዝ ኮሌጅ ጋር ፎቶዲኤንኤን ሲሠራ ዓላማው በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃትን የሚያሳዩ ምስሎችን ማደን ነበር። በ2019 ኒውዚላንድ ውስጥ የክራይስትቸርች መስጊዶች ጥቃት በቀጥታ ከተላለፈ በኋላ ፌስቡክ በ24 ሰዓት ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ቪዲዮ ማጥፋቱን ተናግሯል። ከዚያ ውስጥ 1.2 ሚሊዮኑ ገና ሲጫን የታገደ ነው። ይሄን ሰው በእጁ አይጨርሰውም።

ሁለተኛው ሥራ ግምት ነው። ማሽኑ ካየው ነገር ተነስቶ «ይሄ ስድብ ይመስላል፣ ይሄ እርቃን ይመስላል» ይላል። ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው። በ2020 ኢንስታግራም ብራዚል ውስጥ ስለ ጡት ካንሰር ምልክቶች የሚያስተምር ፖስት አጠፋ። ምስሉ ላይ በፖርቱጋልኛ «የጡት ካንሰር» ተብሎ ተጽፏል። ማሽኑ ጡቱን አየ፣ ጽሑፉን አላነበበም። የድርጅቱን ውሳኔዎች የሚመረምረው የቁጥጥር ቦርድ ጉዳዩን ሲይዘው ነው ፖስቱ የተመለሰው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሰው ቢያየው አይሻልም?

ይሻላል። ግን ሰውም የሚፈርደው በመመሪያ ነው። በ1972 ቬትናም ውስጥ የተነሳውን፣ በፎቶ አንሺው ኒክ ኡት ስም የሚታወቀውን ፎቶ ታውቁታላችሁ። ናፓልም ያቃጠላት ልጅ ራቁቷን ስትሮጥ የሚያሳየው ነው። ፌስቡክ በ2016 አጠፋው። መመሪያው ራቁት ሕፃን አይለጠፍ ካለ፣ በመመሪያው መሠረት ማጥፋቱ ትክክል ነበር። በአእምሮ ስታስበው ግን እብደት ነው። የኖርዌዩ ጋዜጣ አፍተንፖስተን ጮኸ። የአገሪቱ የያኔዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤርና ሶልበርግ ለጠፉት፣ የሳቸውም ጠፋ። ከዚያ ጫጫታ በኋላ ነው ፌስቡክ ሐሳቡን የቀየረው።

የራሴን ልጨምር። ገምጋሚ አንድ ፖስት ላይ ብዙ አይቆይም፤ ሰዓት ይቆጠርበታል። ምጸትህን የሚፈታበት ጊዜ የለውም። ቀልድ ከሆነ ቀልድነቱ ከፖስቱ ራሱ ይታይ።

ጥያቄ፦ ሰዎች ተባብረው ሪፖርት ቢያደርጉኝ አካውንቴ ይዘጋል?

በቁጥር ብቻ አይዘጋም፤ የሚታየው ደንብ መጣሱ ነው። አንድ ሪፖርትም ሊያስጠፋ ይችላል፣ ሺህ ሪፖርትም ላያስጠፋ ይችላል። አደጋው ሌላ ጋ ነው። የድሮ ፖስቶችህን እየቆፈሩ አንድ በአንድ ሪፖርት ካደረጉ፣ በስህተትም ቢሆን አንዱ የመጥፋት ዕድሉ ይጨምራል። እንዲህ ተደራጅቶ ማስዘጋት ራሱ ክልክል ነው። የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት ሜታ በ2021 ቬትናም ውስጥ ይህን ሲሠሩ የነበሩ አካውንቶችን አጥፍቷል።

ጥያቄ፦ ስንት ስትራይክ ሲሞላ ነው የሚዘጋው?

ስትራይክ ማለት ደንብ ስትጥስ የሚመዘገብብህ ጥፋት ነው፤ ቆጠራው እንደየቤቱ ነው። ዩቲዩብ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ከዚያ አንደኛው ስትራይክ ለ1 ሳምንት፣ ሁለተኛው ለ2 ሳምንት ከመጫን ያግዳል። በ90 ቀን ውስጥ ሦስተኛ ከደረሰህ ቻናሉ ይዘጋል። ቪዲዮውን ብታጠፋው ስትራይኩ አብሮ አይጠፋም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፌስቡክ በ2023 ባወጣው አሠራር እስከ ስድስተኛው ድረስ ቅጣቱ ቀላል ነው። ከሰባተኛው ጀምሮ የ1 ቀን እገዳ ይመጣል፣ አሥረኛው ላይ 30 ቀን ይደርሳል። እንደ ሕፃናት ወሲባዊ ጥቃት ያለ ከባድ ነገር ግን ቆጠራ አይጠብቅም፤ በመጀመሪያው ነው የሚያልቀው።

ጥያቄ፦ ቪዲዮዬ ላይ ዘፈን ስለተጠቀምኩ ገቢው ለሌላ ሰው መሄድ ጀመረ። ስትራይክ ገባብኝ ማለት ነው?

አይደለም እህቴ። ያ የኮንቴንት አይዲ ጥያቄ ነው፤ ኮንቴንት አይዲ ዩቲዩብ ከ2007 ጀምሮ የሰው ዘፈንና ቪዲዮ የሚለይበት ማሽን ነው። ቻናልሽን አይነካም፤ ባለመብቱ ገንዘቡን ነው የፈለገው። ስትራይክ የሚሆነው ባለመብቱ በሕግ «አንሱልኝ» ብሎ ሲያመለክት ነው። የዘፋኙን ስም ከሥር መጻፍሽ ፈቃድ አይሆንም። እንዲህ ያለ ስትራይክ ከመጣብሽና መብቱ የኔ ነው ወይም ፈቃድ አለኝ ካልሽ፣ በአሜሪካው የ1998 የኮፒራይት ሕግ መሠረት መቃወሚያ ታስገቢያለሽ። ከሳሹ ባጠቃላይ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄዱን ካላሳየ ቪዲዮው ይመለሳል። ግን ልብ በይ፣ መቃወሚያው ላይ የምትሞዪው ስምና አድራሻ ለከሳሹ ይደርሰዋል።

ጥያቄ፦ እኔ ምንም ሳልለጥፍ ነው የታገድኩት። እንዴት ይሆናል?

ይሆናል። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ከፖስት ጋር አይገናኝም። አንድ ሰው አካውንትህን ሀክ አድርጎ ቆሻሻ ማስታወቂያ ለቆበት ይሆናል። ወይም ከፌስቡክህ ጋር የማታውቀውን ኢንስታግራም አገናኝቶ፣ ያኛው ሲታገድ ያንተም አብሮ ሄዷል። ስምህ የእውነት አልመሰላቸው ይሆናል። አስቂኙ የዕድሜ ጉዳይ ነው፦ የድርጅታቸውን የምሥረታ ቀን እንደ ልደት ቀን የሚሞሉ ሰዎች አሉ። ዕድሜህ ከ13 በታች ሆኖ ከተቆጠረ ትዘጋለህ፣ ጺምህ ቢሸብትም።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ይግባኙን ምን ብዬ ልጻፍ?

ከመጻፍሽ በፊት ማሳወቂያውን አንብቢ። ቀልድ አይደለም። የታገደበት ምክንያት አራት ዓይነት ሊሆን ይችላል፦ የመድረኩ መመሪያ፣ ኮፒራይት፣ ማንነት፣ ወይም የመንግሥት ሕጋዊ ትእዛዝ። ለያንዳንዱ መልሱ የተለየ ነው። በማንነት ለታገደ መታወቂያ ነው የሚፈለገው፤ ስለ ሐሳብ ነጻነት ሦስት ገጽ ቢጻፍ ማንም አያነበውም። የኮፒራይት ጉዳይን በመመሪያ ይግባኝ የላከም ጊዜውን ነው የሚያባክነው።

ጽሑፉ አጭር ይሁን። «ያለጥፋቴ ታገድኩ» የማይል ሰው የለም፤ አንቺ የተጠቀሰውን ደንብ ስም ጠርተሽ ለምን እንደማይመለከትሽ ንገሪያቸው። «ፖስቱ ዛቻን የሚያወግዝ ዜና ነው፣ ዛቻውን የጠቀስኩት ለመተቸት ነው» ዓይነት። ስድብ አታስገቢ። ቀነ ገደቡንም እዪ፤ ፌስቡክና ኢንስታግራም የታገደ አካውንት ላይ ይግባኝ ለማለት 180 ቀን ይሰጣሉ። እየጠበቅሽ ሌላ አካውንት አትክፈቺ፣ እገዳ ማምለጥ ይባልና የመጀመሪያውም ጉዳይሽ ይበላሻል። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ የምትኖሩ እድለኞች ናችሁ። ከየካቲት 2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የጸናው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ምክንያቱ እንዲነገራችሁ ያስገድዳል። ለቅሬታ ቢያንስ 6 ወር፣ ካልሆነም ከፍርድ ቤት ውጭ ወደሚያይ አካል የመሄድ መብት ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ውስጥ ሰው አለኝ፣ ከፍለህ ላስከፍትልህ የሚለኝ አለ።

ሌባ ነው።

ጥያቄ፦ ሻዶውባን የሚባለው እውነት አለ?

ስሙን ድርጅቶቹ አይወዱትም፣ ነገሩ ግን አለ። ፖስትህ ሳይጠፋ ለማያውቁህ ሰዎች መታየቱ ይቀንሳል። ኢንስታግራም ላይ ሴቲንግ ውስጥ የአካውንት ሁኔታ የሚል አለ፤ ፖስትህ ለማያውቁህ ሰዎች እየቀረበ መሆን አለመሆኑን እዚያ ታያለህ። ሪች፣ ማለትም የሚያየው ሰው ቁጥር፣ የወረደበት ሁሉ ግን ታግዷል ማለት አይደለም። አንዳንዴ ፖስቱ ነው የማይስበው፣ ይቅርታ።

ጥያቄ፦ እኔ አካውንቱ ቢቀር ግድ የለኝም ልጄ። የልጆቼ ፎቶ ብቻ ይመለስልኝ።

እማማ፣ መጀመሪያ ለመግባት ይሞክሩ። እገዳው ላይ ሆነውም መረጃዎን አውርዱ የሚል ምርጫ ከታየዎት፣ ይግባኙን ከመላክዎ በፊት እሱን ይጫኑ። ይግባኙ ውድቅ ከሆነ አካውንቱ ለዘለቄታው ሊዘጋ ይችላል፣ ያኔ ምርጫውም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ሲያወርዱ «ሁሉም ጊዜ» የሚለውን ይምረጡ፤ ያለዚያ የቅርቡን ብቻ ሊሰጥዎ ይችላል። ማሳወቂያው ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንስተው እዚህ ይላኩልኝ፣ ስምዎንና ኢሜይልዎን ሸፍነው። የትኛው ዓይነት እገዳ እንደሆነ አብረን እናየዋለን።