ጡቴን ላስነሳ ወይስ ዕጢውን ብቻ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ 31 ዓመቴ ነው። የጡት ካንሰር አለብኝ፤ ዕጢው ትንሽ ነው። ሐኪሙ «ዕጢውን ብቻ አውጥተን ጨረር መስጠት እንችላለን፤ ጡቱን ሙሉ በሙሉ ማንሳትም ይቻላል፤ ምርጫው ያንቺ ነው» አለኝ። ሁሉም ወጥቶልኝ ብገላገል አይሻልም?

መልስ፦ እህቴ፣ «ወጥቶልኝ ልረፍ» ማለትሽ ይገባኛል። ግን ብዙ ስለተቆረጠ ዕድሜ አይረዝምም። አሜሪካ ውስጥ በርናርድ ፊሸር፣ ጣልያን ውስጥ ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ የተባሉ ሐኪሞች የመሯቸው ጥናቶች ሴቶችን ለ20 ዓመት ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመዋል። ጡታቸው የተነሳውም፣ ዕጢው ብቻ ወጥቶ ጨረር የወሰዱትም በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ተመሳሳይ ነበር። እርግጥ በወጣትነት በሽታው እዚያው ጡት ላይ የመመለስ ዕድሉ ከፍ ይላል። ስለዚህ ጨረሩና ክትትሉ አይዘለሉም። ሐኪምሽን እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፦ «በእኔ ሁኔታ ሁለቱ እኩል ናቸው? ካልሆኑ ለምን?»

ጥያቄ፦ ጤነኛውንም ጡት አብሬ ላስነሳው?

መልስ፦ መጀመሪያ የዘር ምርመራ ይሠራልሽ። ብራካ 1 ወይም ብራካ 2 የሚባሉት ጂኖች ላይ ችግር ከተገኘ፣ ሁለቱንም ማንሳት በቁም ነገር የሚታሰብ ነው። ካልተገኘ ግን ጤነኛውን ማንሳት የመጀመሪያው ካንሰር ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል እንዳይሄድ አያግድም። ደግሞ ጡት አዲስ ቢሠራም ስሜቱ እንደ ድሮው አይሆንም። ይህን ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚነግር ሰው መኖር አለበት፤ ለዚህ ነው እኔ የምነግርሽ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ «ላስብበት» ትላለች። እኔ ግን ቶሎ ይሠራላት ባይ ነኝ። እየዘገየን አይደለም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፍርሃትህ ከፍቅር የመጣ ነው። ግን አብዛኛውን ጊዜ ለማሰብና ምርመራ ለመጨረስ የሁለትና የሦስት ሳምንት ፋታ አለ፤ ሐኪሟ ያረጋግጥላችሁ። ወራት ማስቆጠር ግን አይሆንም። ልጅ መውለድ የምትፈልግ ከሆነ ኬሞ (ካንሰሩን የሚገድለው መድኃኒት) ሳይጀመር ለሐኪሟ ትናገር። እንቁላል አውጥቶ ማቆየት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ቀጠሮ ላይ አብረሃት ግባ፣ ሐኪሙ የሚለውን ጻፍ፣ ቤት ስትገቡ አንብብላት። እዚያ ክፍል ውስጥ የተባለው ግማሹ በድንጋጤ ይጠፋል። ውሳኔው ግን የእሷ ነው።

ጥያቄ፦ ዕጢው ከወጣ በኋላ ማጥባት እችላለሁ?

መልስ፦ በጤነኛው ጡት፣ አዎ። ጨረር የተሰጠው ጡት ግን ወተቱ በጣም ያንሳል፣ ጭራሽ ላይኖረውም ይችላል። መድኃኒት ላይ ካለሽ ግን ሳትጠይቂ አታጥቢ።