የድሮ ሞተር መብራትና እሳት፦ ጥያቄና መልስ ለወሎ ሞተረኞች

ጋሼ (ደሴ)፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ጃዋ፣ ኤምዜድ፣ የድሮ ሆንዳ ያላችሁ ጠይቁ። ሞዴሉን፣ ባለ 6 ቮልት ይሁን ባለ 12፣ ቴስተሩ (የቮልት መለኪያው) ያነበበውን ጻፉ። ቴስተር የሌለው መጀመሪያ ይግዛ። ገመድ ከመንካታችሁ በፊት ባትሪውን ፍቱ።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ ጃዋ 350፣ ሞዴሉ 634 ነው፤ ባለ 6 ቮልት። ማታ የሐረጎን ዳገት ስወጣ ጉሙ ውስጥ የፊት መብራቱ ኩራዝ ነው። ወደ 12 ልቀይረው?

ጋሼ፦ አብሽር፣ ገና ብርህን አታውጣ። 35 ዋት አምፖል በ6 ቮልት ወደ 6 አምፔር ይስባል፤ በ12 ቢሆን 3 ገደማ ነበር። ስለዚህ ባለ 6 ሞተር ላይ ትንሽ ዝገት ብዙ ይበላል። ከባትሪው እስከ አምፖሉ ባለው መንገድ ግማሽ ቮልት ከጠፋ ብርሃኑ ሩብ ያህል ይቀንሳል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ተነስቶ መብራቱ ይብራ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ከሻንሲው ጋር በታሰረው የባትሪ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን የአምፖሉ መቀመጫ ብረት ላይ አድርግ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበበ ማሳው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሻንሲው ብረት ወደ ባትሪ የሚመለስበት መንገድ፣ ታሟል። ከዚያ የሌላኛውን ጫፍ ገመድ እስከ አምፖሉ ድረስ እንደዚሁ ለካ።

ብዙ የድሮ ሞተር ላይ የፊት መብራቱ ማሳ የሚመለሰው በመሪው ኩሽኔታ በኩል ነው። በግሪስ በተነከረ ኳስ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንዲያልፍ ትጠብቃለህ! የማሳውን ብሎን ፍታ፤ ከሥሩ ቀለም ታገኛለህ፤ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ፋቀው። ከመብራቱ እስከ ባትሪው ደግሞ የራሱ 2.5 ካሬ ሽቦ ዘርጋለት።

12 ማድረግ ማለት ባትሪ፣ አምፖል ሁሉ፣ ክላክስ፣ ቦቢና (የእሳቱ መጠምጠሚያ)፣ ሬጉሌተር (ቮልት መቆጣጠሪያ) መቀየር ነው። የ634 ዲናሞ 75 ዋት ነው። ኪሱ የፈቀደለት የቼኩን የቫፔ ኪት (ባለ 12 ቮልት ዲናሞና እሳት አንድ ላይ) ያስገባል፤ ጥሩ ነው። ማሳው የቆሸሸ ሞተር ግን በ12ም ያስለቅስሃል።

ከወልዲያ፦ ሞተሬ አይነሳም፤ ምን ይሻለኛል?

ጋሼ፦ የትኛው ሞተር? እሳት አለው? ቤንዚን አለው? ከላይ ያልኩትን አንብብና ተመለስ።

ከሐይቅ፦ ኤምዜድ ቲኤስ 250። ፑንቲናው (እሳቱን የሚሰጠው ተከፋችና ተዘጊ ነጥብ) ቶሎ ይቃጠላል፤ ሲከፈት ሰማያዊ ብልጭታ ይታየኛል።

ጋሼ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ኮንዴንሰሩ (የፑንቲናውን ብልጭታ የሚውጠው) ሞቷል። ቀይረውና ፑንቲናውን በቀጭን ሞረድ አስተካክል፣ ክፍተቱን 0.3 ሚሊሜትር አድርግ። በብርጭቆ ወረቀት አትሸው፤ አሸዋው መሐል ይቀራል። የኮንዴንሰሩንም ማሳ አጽዳ።

ከባቲ፦ በፑንቲናው ፋንታ ኤሌክትሮኒክ እሳት አስገባና ተገላገል እንጂ! በዚህ ዘመን ማን ፑንቲና ይሞርዳል?

ከሐይቅ፦ በረሃ ላይ ቢሞትብህ በምን ትጠግነዋለህ? የኔን በካቻቢቴ አስነሳዋለሁ።

ከባቲ፦ ወላሂ የኔ አንድ ቀን አላስቸገረኝም። ሰኞ ገበያ ስትመጣ አሳይሃለሁ።

ከከሚሴ፦ ሐይቆች እኮ ከመንዳት መፍታት ነው የሚወዱት 😄

ጋሼ፦ ይሄን ለቡና አቆዩት። ሁለቱም ይሠራል። ኤሌክትሮኒኩ ግን ቮልት ሲወርድበት ወይም ማሳ ሲጎድለው ሳያስጠነቅቅ ዝም ይላል። አሁንም ማሳ!

ከከሚሴ፦ ሆንዳ ሲጂ 125፣ ባለ 6 ቮልት። ፍሬቻውን ኤልኢዲ ባደርገው ብልጭ ድርግም ማለት ተወ።

ጋሼ፦ የድሮው ብልጭታ ሰጪ የሚሠራው በአምፖሉ አምፔር ሞቆ ነው። ኤልኢዲ አይበቃውም። ባለ 6 ቮልት ኤሌክትሮኒክ ብልጭታ ሰጪ ግዛ።

ከመርሳ፦ ባለ 6 ቮልት፣ ባለ 4 አምፔር-ሰዓት የሞተር ባትሪዬን በመኪና ቻርጀር ልሙላው?

ጋሼ፦ ትቀቅለዋለህ። የባለ 6 ቮልት ቻርጀር፣ 0.4 አምፔር ገደማ።

ከደሴ፣ ፒያሳ፦ ዕቃው ስንት ብር ይወጣል? የትስ ይገኛል?

ጋሼ፦ ዋጋና ሱቅ አላወራም።

ከውጫሌ፦ ጋሼ፣ የኔም መብራት ደካማ ነው፤ ወደ 12 ልቀይር?

ጋሼ፦ እናንተዬ! የኮምቦልቻውን መልስ ማን አነበበው? ለካ። ማሳ። ከዚያ እንነጋገር። ስትፈቱም ባትሪውን አስቀድሙ። ባትሪው አጠገብ ፊውዝ የሌለው ዛሬውኑ ያስገባ፤ ለ75 ዋት ጃዋ 15 አምፔር ይበቃል። ፊውዝ በሌለበት አንድ የተላጠ ሽቦ ሙሉውን ገመድ ያነደዋል።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ ለካሁት። በማሳው በኩል 0.9 ቮልት ይላል።

ጋሼ፦ አላልኩህም? ባትሪውን ፍታና መፋቅ ጀምር።