ካፔሲታቢን ከመጀመሩ በፊት ስለሚደረገው የጂን ምርመራ፣ ከጅማ ለጠየቅሽው እህት

እህቴ፣ «እናቴ ለአንጀት ካንሰር የካፔሲታቢን ኪኒን ልትጀምር ነው፤ ዲፒዲ የሚባል ምርመራ ይቅደም ተባልን፤ ደሟን በመኪና አዲስ አበባ እንላክ?» ብለሻል። ምርመራው ይጠቅማል። አላላኩ ላይ ግን ገንዘብ በከንቱ እንዳይፈስ ተጠንቀቂ።

1ኛ. ኪኒኑ ሰውነት ውስጥ ወደ ፍሎሮዩራሲል ይለወጣል። ከዚህም ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚያፈርሰው በዋናነት ጉበት ውስጥ ያለው ዲፒዲ የተባለ ኢንዛይም ነው። ይህን ኢንዛይም የሚያሠራው ጂን ጉድለት ካለበት መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይከማችና ለሌላው ልክ የሆነው መጠን ለሷ መርዝ ይሆናል። ከሁለቱ የጂን ቅጂዎች አንዱ ብቻ ከተበላሸ ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ በግማሽ መጠን ይጀምራል፤ ሁለቱም ከሆኑ ጨርሶ ሌላ መድኃኒት ይፈለጋል።

2ኛ. ምርመራው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ጂኑን ያያል፣ ሌላው ደም ውስጥ ያለውን ዩራሲል ይለካል፤ ዩራሲል ዲፒዲ የሚያፈርሰው የሰውነት ንጥረ ነገር ስለሆነ፣ ኢንዛይሙ ሲጎድል ደም ውስጥ ይበዛል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው! ለዩራሲል የተቀዳ ደም ወዲያው በረዶ ላይ ተቀምጦ፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ ሴንትሪፊውጅ በተባለው አሽከርካሪ ማሽን ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ተለይቶ መቀዝቀዝ አለበት። ካልሆነ የደም ሴሎቹ ራሳቸው ዩራሲል ይጨምሩበታል። ከጅማ አዲስ አበባ ሲንገላታ የዋለ ደም ጉድለት አለ የሚያሰኘውን፣ በሚሊሊትር ከ16 ናኖግራም በላይ ዩራሲል ቢያሳይ፣ ጉድለት የሌለባቸው እናት የመድኃኒት መጠናቸው ተቀንሶ ለካንሰሩ የማይበቃ መድኃኒት ይወስዳሉ። የላብራቶሪው መስኮት ላይ «ዝም ብላችሁ ላኩ» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። ለጂን ምርመራ የሚሆን፣ ሐምራዊ ክዳን ባለው ቲዩብ የተቀዳ ደም ግን መንገዱን ይችላል።

3ኛ. ላብራቶሪውን «የትኞቹን የጂን ለውጦች ነው የምታዩት?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ የሚታዩት አራቱ የተመረጡት በአውሮፓውያን ላይ በተደረገ ጥናት ነው፤ አፍሪካውያን ላይ የሚገኘው «ሲ 557 ኤ ወደ ጂ» የተባለው ለውጥ ከነሱ ውስጥ የለም። ስለዚህ «ነጻ ናት» የሚል ወረቀት ይዛችሁ አትዘናጉ።

ምርመራው ካልተገኘ ለሐኪሙ በግልጽ ንገሪው፤ በዝቅተኛ መጠን ጀምሮ መጨመር ይችል ይሆናል። ኪኒኑ በአብዛኛው 14 ቀን ተወስዶ 7 ቀን ይታረፋል፤ ጉድለቱ ካለ የሚታወቀውም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ የመጀመሪያ ዙር ነው። ከአጋሮ ወይም ከሰቃ የምትመጡ ከሆነ እነዚያን ሳምንታት ጅማ ዘመድ ቤት ይሰንብቱ። ተቅማጡ ከወትሮው በቀን አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ የአፍ ቁስል ምግብ ከከለከለ ወይም ሙቀታቸው 38 ከደረሰ ኪኒኑን አቁመው በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ይሂዱ። «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» እያሉ መቀጠል ነው ሰው የሚገድለው። የተዘለለውን ኪኒን በኋላ ደርቦ መዋጥም የለም። ለጉልበት ተብሎ ከፋርማሲ የሚገዛ ፎሊክ አሲድም ጉዳቱን ስለሚያብስ ሐኪሙ ሳያውቅ አትስጫቸው። ኩላሊታቸው ከደከመ ጂናቸው ደህና ሆኖም መጠኑ መቀነስ አለበትና፣ ክሬያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ሳይታይ የመጀመሪያውን ኪኒን አይዋጡ።